ጦቢያን የጻፈው እጅ

መምህሩ ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አርታኢዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ነች፤ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትን ለአዲስ አንባቢ እንደገና ለማሳተም ታሰናዳለች። ያገናኛቸው ጉዳይ አንድ የጀርባ ሽፋን ነው፤ ስለ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ምን ይጻፍበት? ወጉ ግን ከሽፋኑ አልፎ ሄደ።

አርታኢ፦ ጋሼ፣ ስድስት መስመር ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ አቃተኝ ብልዎት ያምኑኛል?

መምህር፦ አምንሻለሁ። የከበደሽ ስለ ማን መጻፍ ነው?

አርታኢ፦ ስለ አፈወርቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች አልከበዱኝም። በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ተወለደ፤ ምኒልክ ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ ላኩት፤ ቱሪን ሥዕል ተማረ፤ በኋላም ኔፕልስ አማርኛ አስተማረ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ እኛ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ታሪክ የአማርኛ ልቦለድ መጀመሪያ ሆነ። የምቆመው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በዓድዋ ጦርነት ዋዜማ ስዊዘርላንድ ይማር የነበረ ሰው ትምህርቱን ጥሎ ወደ ኢጣሊያኖች ገባ። አርባ ዓመት ቆይቶ ፋሺስት አገሪቱን ሲወር እንደገና አደረላቸው፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ሰጡት። ነጻነት ሲመለስ ጅማ ተግዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በ1940 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ይህን ብጽፍ አንባቢው መጽሐፉን ሳይገልጠው ይወረውረዋል ብዬ ሰጋሁ። ልተወው ስል ደግሞ አንባቢውን ማታለል ሆነብኝ።

መምህር፦ አንቺስ ስታነቢው አልወረወርሽውም?

አርታኢ፦ እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ስለ ሰውየው ምንም ሳላውቅ ነው። ወድጄው ነበር። ካወቅሁ በኋላ ስመለስበት ግን እያንዳንዱ ገጽ ላይ እሱ ቆሞ ይታየኛል። ለዚህ ነው የመጣሁት። የጸሐፊ ሕይወት ንባባችን ውስጥ መግባት አለበት ወይስ የለበትም?

መምህር፦ ጥያቄው እንዲህ በጅምላ ከቀረበ መልስ የለውም። መጀመሪያ መጽሐፉ ከአንባቢው ምን እንደሚፈልግ እንጠይቅ። አፈወርቅ የጻፈው ጦቢያን ብቻ አይደለም። ከዓመት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳትሟል። ሁለቱ መጻሕፍት ከአንድ እጅ ወጡ እንጂ አንባቢን የሚጠይቁት አንድ ነገር አይደለም። የምኒልክ ታሪክ «ይህ ሆኗል፣ እመኑኝ» ይላል። ጦቢያ «እንዲህ ቢሆንስ፣ ተከተሉኝ» ይላል። እመኑኝ የሚልሽን ሰው ማንነቱን፣ ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚጠላ፣ ከማን ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ መብትሽ ብቻ ሳይሆን ግዴታሽም ነው። ንጉሡን ከድቶ ወደ ጠላት የሄደ ሰው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ንጉሥ እያወደሰ ሲጽፍ፣ ውዳሴው ከየት መጣ ብለሽ ካልጠየቅሽ አንባቢ አይደለሽም።

አርታኢ፦ የዘመኑ ጸሐፊ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያደረገው ይህንኑ አይደል?

መምህር፦ የገብረ ሕይወትን አካሄድ ልብ ብለሽ እይው። እሱ በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ በታተመው «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አፈወርቅን ነቅፎታል። የነቀፈበት መንገድ ነው የሚገርመኝ። «ይህ ሰው ከሀዲ ነውና አትስሙት» ብሎ አላለፈውም። መጽሐፉን አንብቦ፣ ደራሲው በአፄ ዮሐንስ ላይ ፍርደ ገምድል መሆኑን ከራሱ ከጽሑፉ አወጣበት። የምኒልክን ክብር ለማግነን ዮሐንስን ማዋረድ ታሪክ ጸሐፊ የሚሠራው ሥራ አለመሆኑን አሳየ። የሰውየው ሕይወት የት ቦታ እንደምንፈትሽ ይጠቁመናል፤ ፍተሻው ግን መጽሐፉ ውስጥ ነው የሚካሄደው።

አርታኢ፦ እሺ፣ ለታሪክ መጽሐፍ ይህ ይገባኛል። ልቦለድ ግን ነጻ ነው ሊሉኝ ነው? ጦቢያን አብረን እንየው። አንድ ክርስቲያን የጦር አበጋዝ ይሸነፋል፣ ይማረካል። ልጆቹ መንትያ ናቸው፤ ዋሂድና ጦቢያ። ዋሂድ ጠፍቶ አባትና ልጅ ሲፈልጉት፣ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ አገር ለአገር ሲንከራተቱ፣ በመጨረሻ መጠጊያ የሚያገኙት የት ነው? በድል አድራጊው፣ በሌላ ሃይማኖት ንጉሥ ግቢ። ንጉሡ ደግና ቸር ነው። ጦቢያን ይወዳታል፣ ያገባታል። የንጉሡ ዘመድም ዋሂድን ታገባለች። ተሸናፊው ወገን መዳኛውን ካሸነፈው ሰው ቤት አገኘ ማለት ነው። ይህ ለባዕድ ያደረ ሰው ሕልም አይመስልዎትም?

መምህር፦ ጥሩ አድርገሽ አንብበሻል። ግን የዘለልሽው አለ። ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት ሃይማኖቱን የሚለውጠው ማነው?

አርታኢ፦ ንጉሡ።

መምህር፦ ንጉሡ ነው። ያሸነፈው ወደ ተሸነፉት እምነት ይገባል። አፈወርቅ በገዛ ሕይወቱ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እሱ ራሱ ወደ ኃያሉ ሄደ። ሕይወቱን ቁልፍ አድርገሽ መጽሐፉን ልትከፍቺ ብትሞክሪ እዚህ ላይ ቁልፉ አይዞርም። የሕይወት ታሪክ አንባቢን የሚያስተው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ከታሪኩ የሚስማማውን ግማሽ አንስቶ የማይስማማውን ግማሽ ያስጥለዋል።

አርታኢ፦ እንግዲያው ሕይወቱን ሳናነሳ እናንብበው?

መምህር፦ አላልኩም። አሁን እኔ ደግሞ አንድ ላሳይሽ። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ዋሂድ ለምንድን ነው ከቤቱ የሚወጣው?

አርታኢ፦ ለአባቱ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሰጠውን ነጋዴ ፍለጋ። ውለታ ለመመለስ።

መምህር፦ ማንም አላዘዘውም። ነጋዴው ዕዳ ብሎ አልጠየቀም። ልጁ ግን ውለታው አላስተኛው ብሎ መንገድ ይወጣል፣ ባሪያ ፈንጋይ እጅ ይወድቃል፤ የቤተሰቡ ፍዳ ሁሉ ከዚያ ይቀጥላል። ይህንን የጻፈው ማነው? ንጉሥ አስተምሮት፣ ውለታውን ለጠላት በማደር የመለሰ ሰው። ሕይወቱን የማያውቅ አንባቢ ዋሂድን ደግ ልጅ ብሎ ያልፈዋል። የሚያውቅ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። በሰው አገር የተቀመጠ፣ ወደ አገሩ መመለሻው የጠበበበት ሰው ለውለታ ሲል ነጻነቱን የሚያጣ ልጅ ፈጠረ። ጸጸት ነው? ራስን ማጽደቅ ነው? ወይስ ከልቡ የሚያምንበትን መፈጸም ያቃተው ሰው ምኞት ነው? አላውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅብኝም። ግን ጥያቄው መጽሐፉን አከበደው እንጂ አላቀለለውም።

አርታኢ፦ ይህንን ልዩነት በደንብ ልያዘው። ሕይወቱ መጽሐፉን የሚዘጋ ሲሆን አይቀበሉትም፤ የሚከፍት ሲሆን ይቀበሉታል?

መምህር፦ እንዲያ ብቻ ከሆነ የሚጣፍጠኝን መርጫለሁ ማለት ነው። መለኪያዬ ሌላ ነው። የደራሲው ሕይወት ወደ ልቦለዱ መግባት ያለበት ጽሑፉ ራሱ በር በከፈተለት ቦታ ነው። ውለታ የታሪኩ ሞተር ነው፤ ስለዚህ የአፈወርቅ ውለታ ቢስነት እዚያ ላይ ሊነሳ ይገባዋል፣ ደስ ቢለንም ባይለንም። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ሳለ የንጉሡ ዘመድ በፍቅር የምትያዝበትን ክፍል ስታነቢ ግን ዓድዋን እዚያ ምን አመጣው? እዚያ ላይ ሰውየው ተረት የማሳመር ችሎታ ያለው ጸሐፊ ነው፤ አለቀ።

አርታኢ፦ እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ፖለቲካ ክህደት ነው፣ ጋሼ። የቤት ውስጥ በደል ሲሆንስ? ደራሲዋን አሊስ መንሮን አስቧት። አጭር ልብ ወለድን ከእሷ የተማሩ የእኛም ጸሐፊዎች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። በግንቦት 2024 ሞተች። ሁለት ወር ሳይሞላ ታናሽ ልጇ አንድሪያ ስኪነር ቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ ላይ ጻፈች፤ በ1976፣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ የእናቷ ባል ወሲባዊ ጥቃት አድርሶባት ነበር። በ1992 ለእናቷ በደብዳቤ ነገረቻት። እናትየው ለጥቂት ጊዜ ከሰውየው ተለይታ ተመለሰች፤ እስኪሞት ድረስም አብራው ኖረች። ሰውየው በ2005 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ስለ ሴቶች ልብ የጻፈችውን ሳነብ እንደ ቀድሞው ማመን አልቻልኩም።

መምህር፦ «ቫንዳልስ» የሚለውን ታሪኳን አንብበሻል?

አርታኢ፦ አንብቤዋለሁ። እንዲያውም በጣም የረበሸኝ እሱ ነው።

መምህር፦ ንገሪኝ።

አርታኢ፦ ላይዛ የምትባል ሴት አለች። ሕፃን ሳለች ጎረቤቷ የነበረው ላድነር አባልጓታል። ቢ የምትባል ሴት ከላድነር ጋር ትኖራለች፤ ለጎረቤት ልጆች ደግ ነች፤ ልታድናቸው የምትችል ሰው ነበረች፣ አላዳነችም። ላይዛ ካደገች በኋላ ላድነር ሆስፒታል ሳለ ቢ «ቤቱን እይልኝ» ትላታለች። ላይዛ ትሄድና ዕቃውን ትሰባብረዋለች። ከዚያ ስልክ ደውላ «ወሮበሎች ገብተው ቤታችሁን አበላሽተውታል» ትላታለች። ታሪኩ የወጣው በ1993 ነው፤ ከደብዳቤው በኋላ በዓመቱ።

መምህር፦ ስለዚህ አላወቀችም፣ አልገባትም ማለት አንችልም። የገባትን ያህል ጽፋዋለች። ወረቀት ላይ ያየችውን በቤቷ አልሠራችበትም።

አርታኢ፦ የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው! ለላይዛ ያዘነች ብዕር ለገዛ ልጇ እጇን አልዘረጋችም። የልጅቱ ስቃይ ለእናትየው ጥሩ ታሪክ ሆነ። እኔ ያንን ታሪክ ሳደንቅ የማን ሕመም እያጣጣምኩ ነው?

መምህር፦ ቁጣሽ ትክክል ነው፤ ላበርደው አልሞክርም። ግን እዚያ ቁጣ ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት። የመንሮን የሕይወት ታሪክ ለጻፈው ሰው ጉዳዩን ልጅቱ ራሷ በ2005 ነግራዋለች፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን አላስገባውም። እስከ 2024 ድረስ አንባቢው «ቫንዳልስ»ን የሚያነብበው ዋናው ነገር ተደብቆበት ነበር። ይህ ዝምታ ሥራውን ለማዳን የተደረገ ነው የሚል ካለ፣ እኔ ማንንም አላዳነም እላለሁ። ልጅቱን ለሁለተኛ ጊዜ ብቻዋን ተዋት፤ ታሪኩንም ግማሽ አደረገው። ዛሬ ያንን ታሪክ የሚያነብብ ሰው ቢን ሲያይ ከድሮው ይልቅ ይከብደዋል፤ መክበድም ነበረበት። ላይዛን ሲያይ ደግሞ በሕይወት ያለችውን፣ ስሟን ይዛ የወጣችውን ሴት ያስባታል። ይህም ትክክል ነው።

አርታኢ፦ ማንበቤን ልቀጥል ነው የሚሉኝ?

መምህር፦ እሱን ላንቺ ልወስን አልችልም። በደሉ የደረሰበት ሰው፣ ወይም ተመሳሳይ በደል የደረሰበት ሰው፣ መጽሐፉን አልገልጥም ቢል ማንም «ሥነ ጥበብ አልገባህም» ሊለው መብት የለውም። አባቱ በፋሺስት ዘመን የተገደለበት ሰውም አፈወርቅን አላነብም ቢል አልከራከረውም። እኔ የምቃወመው የአንዱ ሰው ሕመም ለሁሉም ሕግ ሲሆን ነው። አንድ ሰው አላነብም ማለቱ መብቱ ነው። ማንም እንዳያነብ ማለት ግን ማስረጃን መቅበር ነው፤ የበዳዩንም ማስረጃ ጭምር።

አርታኢ፦ ሌላም የሚረብሸኝ አለ። እስካሁን የሕይወት ጥላ ስንል ጥፋትን ነው። ደራሲው ተበዳይ ሲሆንስ? በዓሉ ግርማን ሳነብ ሁልጊዜ መጨረሻውን እያሰብኩ ነው። ልቦለዱ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኦሮማይን እንደ ልቦለድ ሳይሆን እንደ ኑዛዜ ነው የምናነበው።

መምህር፦ ይህን ማንሳትሽ ደግ ነው፤ የሰማዕት ሕይወትም እንደ ከሀዲ ሕይወት ዓይን ይሸፍናል። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ ለመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ሠርቷል። ኦሮማይ ከዚያ ወጥቶ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በዋናው ገጸ ባሕርይ በጸጋዬ ኃይለማርያም ውስጥ ያለው ትግል፣ የሚያምንበትንና የሚጠራጠርበትን ነገር አንድ ላይ ተሸክሞ የሚሠራ ጋዜጠኛ ጭንቀት፣ የሚገባን ደራሲው ራሱ ከሥርዓቱ ውስጥ እንደነበረ ስናውቅ ነው። መጨረሻውን ብቻ ይዘን ስናነብ ግን ያንን እንረሳዋለን። ደራሲው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ውጭ ቆሞ የሚቃወም ይመስለናል። ጀግና አድርገን ስናከብረው ጸሐፊነቱን እንሰርቀዋለን። ገጸ ባሕርያቱ የት ላይ ሳስተው እንደተሳሉ፣ ወሬው የት ላይ እንደረዘመ ለመናገር እንኳ እናፍራለን።

አርታኢ፦ እውነት ነው፤ ኦሮማይ ላይ የሥነ ጽሑፍ ትችት ማቅረብ መቃብር ላይ እንደመሳቅ ነው የሚታየው።

መምህር፦ ያንን መጨረሻ ያደረሱበት ሰዎች ሊጠየቁ የሚገባው በሕግ ነው፤ መጽሐፉ የሚጠየቀው ደግሞ በንባብ ነው። ሁለቱን ስንቀላቅል ፍትሑም አይገኝ፣ ንባቡም አይሆን። በአፈወርቅ ላይም ያው ነው። ስለ ክህደቱ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር፤ ተጠይቋልም፤ በግዞት ሞቷል። እኛ ጦቢያን አንብበን ደካማ መጽሐፍ ነው ብንል ያ ቅጣቱን አይጨምርበትም። ጥሩ መጽሐፍ ነው ብንልም ምሕረት አደረግንለት ማለት አይደለም።

አርታኢ፦ ሰዉ ግን እንዲያ አይረዳውም። እኔ መጽሐፉን ባሳትም «አፈወርቅን አከበረችው» ይሉኛል።

መምህር፦ ማክበርና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳት ያንቺ ሥራ ነው። አደባባይ በስሙ ይሰየም፣ ሽልማት በስሙ ይቋቋም ቢሉኝ እኔ አልፈርምም። ሐውልት ሰውየውን ነው የሚያከብረው፤ ሰውየው ደግሞ በሕዝቡ ደም ላይ ሁለት ጊዜ ከጠላት ጋር ቆሟል። ማንበብ ግን እንደ ሐውልት አይደለም። ማንበብ ምርመራ ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ለመንገደኛ ብሎ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያሳተመው የውይይት መጽሐፍ ውስጥ የመኳንንቱን ግፍ፣ ወታደሩ በገበሬው ላይ የሚያደርሰውን ዝርፊያ ይዘረዝራል። ያ ስሞታ እውነት አለው፤ ገብረ ሕይወትም በሌላ መንገድ ብሎታል። ግን አንዱ ያንን አይቶ አገሬ ትታረም አለ፤ ሌላው ሌላ ይግዛት ወደሚል መንገድ ሄደ። የዚያን ዘመን የተማረ ሰው ፈተና ማወቅ የፈለገ ሁለቱንም ማንበብ አለበት። ደጉን ብቻ የሚያነብ ሰው ክፋት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

አርታኢ፦ ይህ ከመጽሐፉ ጣዕም በላይ የሆነ ምክንያት ነው። ክህደት ከሰነፍ ወይም ከመሃይም ብቻ የሚመጣ መስሎን ከኖርን፣ አፈወርቅ ያንን ያፈርስብናል።

መምህር፦ በዘመኑ እንደሱ አማርኛ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። የአማርኛን ሰዋስው ለውጭ ሰው ያስተማረ፣ በራሱ ቋንቋ ረጅም ልቦለድ ደፍሮ የጻፈ ሰው ነው። ችሎታ ከክህደት አያድንም። ቋንቋን መውደድም ሕዝቡን ከመሸጥ አያድንም። ይህንን ማንም በስብከት ሊያስተምረን አይችልም። መጽሐፉን በአንድ እጅ፣ የሕይወት ታሪኩን በሌላ እጅ ይዞ ያየ ግን አይረሳውም።

አርታኢ፦ እንግዲያው ስድስቱን መስመር እንዲህ ልጻፍ፤ ዘጌን፣ ቱሪንን፣ ኔፕልስን እጽፋለሁ። ዓድዋንና ፋሺስትን በግልጽ እጽፋለሁ፤ «በፖለቲካ ውጣ ውረድ ያለፈ» በሚል ለስላሳ ቃል አላልፈውም። ጅማንም እጽፋለሁ። «ሆኖም ታላቅ ደራሲ ነው» የምትለዋን ማስተባበያ ግን አልጨምርም።

መምህር፦ «ሆኖም» አያስፈልግሽም። ሆኖም ስትዪ አንዱን በሌላው ልታካክሺ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይካካሱም። ክህደቱም ሙሉ ነው፣ መጽሐፉም ሙሉ ነው። አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪያቸው። አንባቢው ሕፃን አይደለም።

አርታኢ፦ አንባቢው ቢወረውረውስ?

መምህር፦ እያወቀ ይወርውረው። ተደብቆበት የወደደው መጽሐፍ በኋላ እውነቱ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠላው፤ ደራሲውንም፣ ያስነበበውንም ሰው። እውነቱን ነግረሽው የሚያነብብልሽ ሰው ግን ዋሂድ ውለታ ፍለጋ ከቤቱ ሲወጣ ቆም ብሎ ያስባል፤ ሲጨርስም ስለ አፈወርቅ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ውለታና እምነት ይጠይቃል። የደራሲ ሕይወት ለንባብ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። እኛ ዳኛ ሆነን በሌላው ላይ ለመቀመጥ አይደለም፤ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው እንዴት ሊወድቅ እንደሚችል አውቀን፣ በዚያ እውቀት የምናነበውንም የምንኖረውንም በጥንቃቄ ለመያዝ ነው።

አርታኢ፦ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ አንሥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ላስገባው ይሆን? ሰው ከታሪኩ በፊት እንዲያገኘው?

መምህር፦ አስገቢው። ረዘም አድርጊና በስምሽ ፈርሚበት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ የጻፈውም ሰው መታወቅ አለበት።